ከቦዩ የማይወጣ ውሃ

ራሞንሲታ ማኤስታስን ሰው ይፈልጋት ነበር እንጂ ይወዳት ነበር ለማለት ያስቸግራል። ቬጋ ሴካ በምትባለው ሸለቆ ውስጥ ሰው ሲሞትበት፣ መንገድ ሲቆረጥበት፣ ልጁ ሲታሰርበት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ጉዳዩ ካለቀለት በኋላ ግን ያው ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኛት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። እሷም ታውቀዋለች።

"እኔ እንደ መሰላል ነኝ" ትለው ነበር ባሏን ኤሎይን። "የወጣብኝ ሁሉ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ወደ ታች አያይም።"

ኤሎይ ይስቃል። ኤሎይ የማይስቅበት ነገር አልነበረም።

ሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶብስ መንዳት ነበር። ማለዳ ከላይኛው የጥድ ጫካ ሥር ትነሳና ልጆቹን ከየቤቱ እየለቀመች፣ አቧራውን እያቦነነች እስከ ታችኛው ድልድይ ትወርዳለች። የየቤቱን ውሻ በስሙ ትጠራለች። የትኛው አባት ሰክሮ እንዳደረ፣ የትኛዋ እናት ቤቷን ጥላ እንደሄደች፣ ልጁ የአውቶብሱን ደረጃ ሲወጣ ከአወጣጡ ትረዳለች፤ ለማንም ግን አትናገርም። አንድ ዓመት በረዶው መንገዱን መስተዋት አደረገውና ሌሎቹ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ቀሩ። እሷ ጎማው ላይ ሰንሰለት ጠምጥማ ልጆቹን አንድ በአንድ ደጃፋቸው አደረሰች። የመጨረሻዋ ልጅ ቤት ኮረብታ ላይ ነበር፤ አውቶብሱ አልወጣ ሲላት አዝላት ወጣች።

ወደ ሹመት የገባችው በሰው ጠብ ነው። ሸለቆውን በግዛቱ ምክር ቤት የወከሉት ሽማግሌ ዘመናቸው ሳያልቅ ሞቱና፣ ማን ይተካቸው በሚለው ላይ ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች ተያያዙ። አንዱ ያቀረበውን ሌላው አይቀበልም። ጉባኤው ሊበተን ሲል ቤርሳቤ ሉሴሮ የምትባል ፍየል አርቢ ብድግ አለች። ቤርሳቤ የራሞንሲታ አበልጅ ናት፤ ራሞንሲታ የበኩር ልጇን ክርስትና አንስታላታለች።

"የአውቶብሷን ሴትዮ ላኩ" አለች ቤርሳቤ። "የናንተንም ልጆች የነሱንም ልጆች ስትጭን ኖራለች። አንዱንም አልጣለችም።"

"እሷ ስለ ሕግ ምን ታውቃለች?" አለ አንዱ።

"አንተስ ስለ ምን ታውቃለህ?"

ሳቅ ሆነ፤ በሳቁ መሃል ተስማሙ። ለጊዜው ነው፣ እስከሚቀጥለው ምርጫ ብቻ ነው ተባለ። ራሞንሲታ በዚያ ጉባኤ አልነበረችም። የነገሯት ጎማ ስታስቀይር ነው። እጇን በጨርቅ እየጠረገች "አብዳችኋል እንዴ?" አለች። ማታ ኤሎይ ግን ሲሰማ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

"ሂጂ እንጂ! እዚያም ያሉት የሚጮኹ ልጆች ናቸው። ትንሽ ፀጉራቸው ሸብቶ ይሆናል እንጂ።"

ዋና ከተማው ሳንታ ፌ ከተራራው ማዶ ነው። የምክር ቤቱ ሕንፃ ክብ ስለሆነ ሰው ሁሉ ክቡ ቤት ይለዋል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም። ገበሬውም፣ ጠበቃውም፣ ሬሳ ገናዡም በዓመቱ መባቻ፣ በበረዶው ወራት ይሰበሰቡና ሕግ አውጥተው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ራሞንሲታ የመጀመሪያውን ጉባኤ ያሳለፈችው አፏን ዘግታ ነው። ሌሎቹ ሲናገሩ ቃላቸው እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል፤ እሷ ንግግሯን ስታስበው ጭቃ የያዘ ቦት ጫማ ይመስላታል።

አንድ ቀን ግን ስለ ገጠር ትምህርት ቤቶች መጓጓዣ ክርክር ተነሳ። አዳራሹ ገበያ ሆነ። የዚያን ጊዜው አፈ ጉባኤ መዶሻቸውን ቢመቱ፣ ቢመቱ የሚሰማቸው ጠፋ። ተራዋ ደርሶ የነበረችው ራሞንሲታ ቆማ ጠበቀች፣ ጠበቀችና በለመደችው ድምፅ፣

"ተቀመጡ!" አለች። "የቆመ ሰው እያለ አልንቀሳቀስም!"

ቤቱ በሙሉ ተቀመጠ። አፈ ጉባኤውም ሳይቀሩ ተቀመጡ። ከዚያ ሳቁ ሲፈነዳ እሷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ንግግሯን ግን እስከ መጨረሻው ተናገረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ "ሾፌሯ" ሆነ። ለመቀለድ ያወጡት ስም ነበር፤ እያደር ግን ቀልድነቱ ጠፋ። ምክንያቱም ራሞንሲታ እሺ ካለች እሺ ነው፤ እምቢ ካለችም እምቢ ነው። በክቡ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው። በጠዋት እሺ ብሎ ከሰዓት በኋላ አንገቱን የሚያክክ ሞልቷል። ስለዚህ ድምፅ መቁጠር የፈለገ ሁሉ ወደ እሷ መጣ። መጀመሪያ የወገኗ ተጠሪ አደረጓት፤ አንድ ሁለት ምርጫ አልፎ ደግሞ መዶሻውን ሰጧት። አፈ ጉባኤ ሆነች።

ወሬው ሸለቆው ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። በግ ታርዶ በቀይ ቃሪያ ተሠራ፤ በቆሎ በትልቅ ድስት ተቀቀለ። ያን ዕለት ሁሉም አቀፏት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ድሮ አጥር ተደግፈው የሚያወሯት ሰዎች ቀጥ ብለው ቆመው ያናግሯት ጀመር። ወሬ እያወሩ ከደረሰችባቸው ወሬው ይቆማል።

በሳንታ ፌ አንዲት ጆሮዋ የደከመ መበለት ጓሮ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ይከባታል፤ አንዱ እጅጌዋን ይዞ፣ ሌላው ከደረጃው ሥር ጠብቆ። እሁድ ሲሆን ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ተራራው በበረዶ ከተዘጋ እሷ ትቀራለች። ከቤቷ ያመጣችውን ቦሎቄ አሙቃ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትበላለች። ከግድግዳው ማዶ የመበለቲቱ ቴሌቪዥን ይጮሃል። ራሞንሲታ አንዳንዴ ድምፁን ቀንሱልኝ ልትል ትነሳና ተመልሳ ትቀመጣለች። ቢቀነስ ምን ልትሰማ ነው?

ኤሎይ የሞተው እሷ ወንበሩ ላይ ሆና ጉባኤ ስትመራ ነው። እንጨት ሲፈልጥ ልቡ ቆመ። ጸሐፊዋ መጥታ በጆሮዋ ስትነግራት መዶሻውን አጠገቧ ላለው ሰው ሰጠችና ካፖርቷን ሳትደርብ ወጣች። ተራራውን እንዴት እንደተሻገረችው አታስታውስም።

በቀብሩ ላይ ሸለቆው ሁሉ ነበር። አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ፌርሚን መጣ። ፌርሚን የቬጋ ሴካ የውሃ አባት ነው፤ ቦዩን የሚመራ፣ ለየገበሬው የውሃ ተራውን የሚያካፍል ሰው። ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ፣

"ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ማና ሞንሲታ" አላት። ማና ማለት በዚያ አገር እህቴ እንደማለት ነው፤ ወንዱን ማኖ ይሉታል፤ ሞንሲታ ደግሞ የስሟ ቁልምጫ ነው። "ግን ያ ድልድይ..."

ራሞንሲታ ስለ ድልድዩ መለሰችለት። ከሱ ቀጥሎ ሌላው ስለ ክሊኒኩ ጠየቃት፤ እሱንም መለሰችለት። ከሁሉም ስትለይ ይህ ኤሎይ ሊስቅበት የሚችል ነገር ነው ብላ አሰበችና ቤቷ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወደ ሌላ ነገር ዞረባት።

ጠዋት የመጥረቢያ ድምፅ ቀሰቀሳት። ታላቅ ወንድሟ ሴሌዶኒዮ ነው። የአባታቸውን መሬት ለሁለት ተካፍለው ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት፤ በመካከላቸው አጥርና ቦዩ ብቻ አለ። ኤሎይ ጀምሮ የተወውን እንጨት ፈለጠ፣ ደረደረ፣ ገብቶ ምድጃውን አነደደ። ስለ ድልድይ አልጠየቃትም። ምንም አልጠየቃትም። ቡናውን ጠጥቶ፣

"ነገም እመጣለሁ" አለና ወጣ። መጣም። እሷ ወደ ሳንታ ፌ እስክትመለስ ድረስ ከመምጣት አልቦዘነም።

ከዚያ ድርቁ ገባ። የበረዶው ወራት ያለ በረዶ አለፈ፤ ወንዙ ቀጥኖ ድንጋዩ ወጣ። በስተታች ያለው ትልቁ ከተማ ውሃ አጠረው። የከተማው ተወካዮች ረቂቅ ሕግ ይዘው መጡ፤ ማንኛውም ገበሬ የውሃ ድርሻውን ለከተማው ማከራየት ይችላል፣ ማንንም ማስፈቀድ የለበትም የሚል። ለሰሚው ደግ ነገር ይመስላል፤ ውሃው የራሱ፣ ፈቃዱ የራሱ። የቦይ ውሃ ግን የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። አንዱ ድርሻውን ሲያወጣ የቀረው ውሃ ጉልበት ያጣል፤ መንገድ ላይ አሸዋው ይጠጣዋል። ቦዩ ጫፍ ያለው ሰው ደረቅ ጭቃ ታቅፎ ይቀራል።

ራሞንሲታ ድምፁን በልቧ ቆጠረችው። ብትወድም ባትወድም ያልፋል። አላቀርብም ብትል መዶሻውን ይቀሟትና ራሳቸው ያሳልፉታል። ስለዚህ የረቂቁን ባለቤት አስጠራቻት። ዴሊያ ኪንታና ትባላለች፤ የከተማው ተወካይ፣ ወጣት ጠበቃ፣ ፈጣን ሴት።

"አቀርብልሻለሁ" አለቻት ራሞንሲታ። "አንድ ነገር ግን ትጨምሪበታለሽ። የቦዩ አባላት ተሰብስበው ካልፈቀዱ ማንም ውሃውን ከቦዩ አያወጣም።"

ዴሊያ ሳቀች። "ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እንዲያ ከሆነማ ማን ይፈቅዳል? በር ሠርተው ቁልፉን እየወሰዱብኝ እኮ ነው።"

"እኔ ምን አደርግበታለሁ? ለባለቤቶቹ ነው የምሰጠው።"

"ባልጨምርስ?"

"እስከ ጉባኤው መጨረሻ ሌላ ሌላ ጉዳይ ይበዛብኛል።"

ዴሊያ ትንሽ አይታት ተስማማች። ነገሩን ግን አልረሳችውም።

ሕጉ ወጣ። የከተማው ሰዎች ሾፌሯ አታለለችን አሉ። የሸለቆው ሰዎች ደግሞ ሸጠችን አሉ። ራሞንሲታ ተራራውን ተሻግራ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስትደርስ ሁሉም ቀድሞ ተሰብስቦ ነበር። ወንበር ያቀረበላት የለም።

"አበልጄ" አለቻት ቤርሳቤ። "እኛን? እኛን ሸጥሽን?"

"ማንንም አልሸጥኩም። አንብቡት።"

"አነበብነው! 'ማከራየት ይቻላል' ይላል።"

"ከሥሩ ያለውንስ?"

"ከሥሩ ያለውን ነገ ይፍቁታል" አለ ፌርሚን። "የላዩ ይቀራል። እኛ የዛሬ ልጆች አይደለንም፣ ማና ሞንሲታ።"

የምትመልሰው ነበራት። ድምፁን እንዴት እንደቆጠረች፣ ዝም ብትል ምን ይመጣ እንደነበር አንድ በአንድ ማስረዳት ትችል ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ስትነዳ ውላለች፤ ደግሞም ከነዚህ ሰዎች አንድ "ደህና ገባሽ ወይ" የሚል ቃል ጠብቃ ነበር። አንገቷ ቀና አለ።

"ሠርቼዋለሁ፤ አልቋል" አለች፤ ወጣች። ያቺ አንዲት ቃል ዓመታት አስከፈለቻት።

በጸደይ ውሃ ከመለቀቁ በፊት የቦዩ አባላት ሁሉ አካፋቸውን ይዘው ወጥተው ቦዩን ይጠርጋሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይዝቃል። አፈ ጉባኤ ብትሆንም ከአባቷ የደረሳት መሬት አላትና እንደ ማንም አካፋዋን ይዛ ወጣች። ሰው ሁሉ ጥንዱን ያዘ። እሷ አጠገብ ግን የቆመ አልነበረም። ቤርሳቤ ጀርባዋን ሰጥታት ቦት ጫማዋን ታስራለች። ያኔ ሴሌዶኒዮ ከወዲያ ጫፍ ጉልበቱን እያሻሸ መጣና አጠገቧ አካፋውን ተከለ።

"ምን ትገተሪያለሽ?" አላት። "ቆፍሪ እንጂ። እኔ አሮጌ ነኝ፣ እዝቃለሁ።"

ሲሠሩ ዋሉ። ስለ ሕጉ አላነሳም።

ዓመታት አለፉ። ከቬጋ ሴካ አንዲት ጣሳ ውሃ አልወጣችም። በሌሎቹም ሸለቆዎች እየመጡ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ፤ የየቦዩ ጉባኤ ይሰበሰብና እምቢ ይላል፣ በቃ። ከሥሩ ያለውን የፋቀው የለም። ሰዎች "በቦዩ ሕግ መሠረት" ማለት ለመዱ፤ ሙሴ ከተራራ ይዞት የወረደ ይመስል ማን እንዳመጣው የሚያነሳ ጠፋ። ለራሞንሲታ ሰላምታው ተመለሰላት። ከሰላምታው ያለፈ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ የሴሌዶኒዮ ሚስት አዴላይዳ ታመመች። መጀመሪያ የድስቱን ክዳን ያኖረችበትን ረሳች፤ ቀጥሎ የቤቷን በር። መኪና በሚበርበት መንገድ መሃል ላይ በሌሊት ልብሷ ቆማ ሲያገኟት ከዚህ በኋላ ብቻውን ሊጠብቃት እንደማይችል ታወቀ። ትልቁ ከተማ ውስጥ ወዳለ የሕሙማን ማረፊያ ወሰዷት። ሴሌዶኒዮ በአሮጌ መኪናው እየተመላለሰ ይጠይቃት ነበር፤ በኋላ ዓይኑ ደከመና መንዳት ተከለከለ።

አንድ ቅዳሜ ራሞንሲታ ወጥ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ሞንሲታ፣ ውሃዬን ላከራይ ነው።"

የምትቆርጠውን ሽንኩርት ተወችው።

"ከተማው ይወስደዋል" አለ። "በኪራዩ እሷ አጠገብ አንድ ክፍል እይዛለሁ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ስሜን ረስታዋለች፤ እጄን ግን ታውቀዋለች። ስይዛት ታውቀዋለች።"

"ማኖ ሴሌ፣ ክፍሉን እኔ ልከራይልህ።"

"ምጽዋት ፍለጋ አልመጣሁም። ውሃ አለኝ፤ የአባቴ ውሃ። ከአንቺ የምፈልገው ጉባኤው ላይ አንድ ቃል እንድትናገሪ ነው። ይሰሙሻል።"

"አይሰሙኝም።"

"እንግዲያው እጅሽን ብቻ አንሺልኝ።"

ዝም አለች። ሴሌዶኒዮ ዝምታውን እሺታ አድርጎ ወሰደውና ጭንቅላቷን እንደ ልጅነታቸው ዳበስ አድርጎ ወጣ። መጥራት ነበረባት። ሽንኩርቷን መቁረጥ ቀጠለች።

ጉባኤው በዚያው አዳራሽ ሆነ። ፌርሚን ጥያቄውን አቀረበ። ሴሌዶኒዮ ተነስቶ ሲናገር ድምፁ ይቆራረጣል፤ አንዳንዶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ቤርሳቤ ግን መሬቷ ቦዩ ጫፍ ላይ ነው። ተነሳች።

"ማኖ ሴሌ፣ አዴላይዳን እንደ እህቴ ነው የምወዳት" አለች። "ያንተ ውሃ ከወጣ ግን እኔ ጋ የሚደርስ የለም። ፍየሎቼን ምን ላጠጣቸው? እንባዬን?"

"የሚፈቅድ እጁን ያንሳ" አለ ፌርሚን።

የሴሌዶኒዮ እጅ ተነሳ። ሌሎችም ጥቂት አዛውንቶች አነሱ። ሴሌዶኒዮ ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን አያት። እጇ ጭኗ ላይ ነበር።

"የማይፈቅድ።"

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ለመቁጠር እንኳ የማያስፈልግ ነበር። ራሞንሲታ ዕድሜዋን ሙሉ ድምፅ ስትቆጥር የኖረች ናት፤ የእሷ እጅ ቢነሳም ባይነሳም ምንም እንደማይለውጥ ከማንም በፊት አይታለች። ለወንድሟ አንስታ ብትሆን ኖሮ እሱም ይፅናና፣ ውሃውም አይወጣ ነበር። ዝም ብላ ብትቀመጥም ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ቀኝ እጇን አነሳች፤ ሁሉም እንዲያየው ቀጥ አድርጋ።

ውጭ፣ መኪናዎቹ የቆሙበት ጋ ደረሰባት።

"አላስፈለገሽም ነበር እኮ" አላት። አልጮኸም። "ያላንቺም አልፏል። ታዲያ ለምን?"

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማኖ ሴሌ። ለወንድሜ ሲሆን እጄን ካጠፍኩት ነገ በየሸለቆው ምን ይሉታል? ደግሞ እያወቅሁ፣ እንደማያልፍ እያወቅሁ ላንተ ባነሳ፣ ያ ማታለል ነው። አንተን ማታለል ነው።"

"ብታታልይኝ ምን ነበር?" አለ። "ሞንሲታ፣ የሰው ልጅ በረዶ ላይ ጥለሽ ሄደሽ አታውቂም። አዝለሽ ወጥተሻል። እኔን ግን መንገድ ላይ አወረድሽኝ።"

ከዚያች ቀን በኋላ አላናገራትም። እሁድ እሁድ ወደ ከተማው ላድርስህ ብላ ደጁ ላይ መኪናዋን አስነስታ ቆማ ታውቃለች፤ መጋረጃው አይነቃነቅም። የቤርሳቤ አማች ወደ ከተማ ሲሄድ በጭነት መኪናው ይወስደው ነበር፤ በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ። አዴላይዳ የሞተችው እሱ በሌለበት ነው። በቀብሯ ላይ ራሞንሲታ ከኋላ ቆመች፤ በሐዘንተኛው ረድፍ ልትቆም ስትጠጋ ሴሌዶኒዮ ዘወር አለ። በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያዋን ይዛ አጥሩን ተሻገረች። እንጨቱ ግን ተፈልጦ፣ ተደርድሮ፣ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ማን እንደፈለጠለት አታውቅም። መጥረቢያዋን ይዛ ተመለሰች።

በቀጣዩ የክቡ ቤት ጉባኤ መዶሻውን አጣች። ማንም አልነገራትም፤ በኮሪደሩ ሰዎች እንዴት እንደሚቆሙ አይታ ራሷ ቆጠረችው። ዴሊያ ኪንታና ልታናግራት ስትመጣ ራሞንሲታ መሳቢያዋን ባዶ አድርጋ ጨርሳ ነበር።

"ክብርት አፈ ጉባኤ፣ በግል ነገር አይደለም" አለች ዴሊያ።

"አውቃለሁ። መዶሻው እጀታው ላይ ትንሽ ይላላል፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።"

አጨበጨቡላት። በክቡ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶግራፏ ተሰቀለ። ዘመኗን ጨርሳ ዳግመኛ ሳትወዳደር ተራራውን ተሻግራ ተመለሰች። ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስልኩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ አልተጠራም። የሚንኳኳውም በር አሁን የሌላ ሰው በር ሆኗል፤ አዲሱ ተወካይ ከድልድዩ ማዶ ነው የሚኖረው። በቀን ውስጥ ድምፅዋን የምትሰማው ድመቷን ስትቆጣ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ፌርሚን ልቡ ደከመና የውሃ አባትነቱን ማስረከብ ግድ ሆነበት። ጉባኤ ተጠራ። ማን ይያዘው ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሥራው ከባድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ ቦዩን በእግር ወርዶ መውጣት፣ የውሃውን መዝጊያ ማንሳት፣ ተራ በሰረቀ ሰው መሰደብ። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄደዋል፤ የቀረው አሮጌ ነው።

"ማና ሞንሲታስ?" አለች ቤርሳቤ ድንገት። "ሥራ ፈት ናት አይደል? ደግሞ መሰደብ ለምዳለች።"

ሰው ሳቀ። ራሞንሲታም ሳቀች፤ ከቤርሳቤ ጋር ስንት ዘመን አብረው እንዳልሳቁ ትዝ አላት። ሳቁ ግን እዚያው ቀረ፤ ጉባኤው ሲበተን ቤርሳቤ ከአማቷ ጋር ቶሎ ሄደች። ራሞንሲታ የፌርሚንን ረጅም አካፋ ተቀብላ ብቻዋን ወጣች።

የውሃ አባት ለየሰዉ ተራው ሲደርስ በአፉ መንገር አለበት፤ ደንቡ ነው። የሴሌዶኒዮ ተራ ሲደርስ አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ለከብት መኖ በዘራው አልፋልፋ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነበር።

"ውሃህ ደርሷል" አለችው።

ቀና ሳይል፣ "እሺ" አለ።

እጇን ካነሳችበት ጉባኤ ወዲህ የሰጣት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። በየተራው እንዲሁ ሆነ፤ ውሃህ ደርሷል፣ እሺ። በጋው በዚህ አለፈ፤ የሚቀጥለውም። ሌላ ጭማሪ የለውም። እሷ ግን የሱን ተራ ለመንገር ስትሄድ ከሌሎቹ ይልቅ ማለዳ ትነሳለች፣ ፀጉሯንም ታበጥራለች።

በኋላ ጉልበቱ ጭራሽ እምቢ አለው። አንድ ወንበር አውጥቶ መዝጊያው አጠገብ ተክሎ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃት ጀመር። ወንበሩ አንድ ነው። እሷ ትቆማለች። አንድ ቀን መዝጊያውን ስታነሳው እንደወትሮው ወዲያው አልሄደችም፤ አካፋዋን ተደግፋ ቆየች። ውሃው ቅጠልና አረፋ እየገፋ መጣ፣ ስንጥቁ መሬት ላይ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ወደ አልፋልፋው ገባ። ሁለቱም አዩት።

"በአባባ ጊዜ ይበልጥ ነበር" አለ ሴሌዶኒዮ፤ ለእሷ ይሁን ለውሃው አልታወቀም።

"ይበልጥ ነበር" አለች።

ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ጠበቀች። አልጨመረም። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ነበር። ከታች የቤርሳቤ ተራ እየቀረበ ነው፤ ራሞንሲታ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ቦዩን ይዛ ወረደች።